አያ እንድሪስና የጾም ጌም

ደሳለኝ ስልክ የደወለልኝ ዓርብ ዕለት ነው፤ ኮምቦልቻ፣ መሥሪያ ቤቴ ውስጥ ነበርኩ። ደሳለኝ ዝም ብሎ የሚደውል ሰው አይደለም፤ ወይ ሊያሾፍብኝ ወይ የላሊበላን ሐሜት ሊያቃምሰኝ ነው የሚደውለው። ያን ቀን ግን «ትርንጎ፣ ተቀምጠሻል?» አለኝ። ቆሜ ነበር። «ተቀምጫለሁ» አልኩት። «መርዶ በስልክ አይነገርም እንደምትይ አውቃለሁ። አያ እንድሪስ አረፉ። ትናንት ቀበርናቸው።»

ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንደያዝኩ ለረጅም ጊዜ አለቀስኩ። ከዚያ መሳቅ ጀመርኩ። የቢሮ ጓደኞቼ ውሃ አመጡልኝ፤ ነካ አደረጋት ብለው ነው መሰለኝ። እስቲ እናንተ ፍረዱኝ፤ አያ እንድሪስን የሚያውቅ ሰው ሳይስቅ እንዴት አድርጎ ነው የሚያለቅስላቸው? መጀመሪያ ወደ አእምሮዬ የመጣው እኮ ፊታቸው እንኳ አልነበረም፤ የቤታቸው ጩኸት ነው።

አያ እንድሪስ የወልድያ ሰው ነበሩ፣ ቴሌቪዥንና ሬዲዮ ጠጋኝ። ላሊበላ የመጡት እኔ እንግዳ ተቀባይ የነበርኩበት ሆቴል ዲሹ አልሠራ ብሎት አስጠርቷቸው ነው። ዲሹን በአንድ ቀን አስተካከሉ፤ ከዚያ ግን አልተመለሱም። አጠር ወፈር ያሉ፣ ጺማቸውን ሂና የሚቀቡ፣ የሸሚዛቸው ኪስ ውስጥ ምንጊዜም አንድ የብሎን መፍቻ የማይጠፋ ሰው ነበሩ። የታመመ ቴሌቪዥን ሲመጣላቸው ጀርባውን ከመፍታታቸው በፊት ጆሯቸውን ለጥፈው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጡታል። ከዚያ በመዳፋቸው ቸብ ቸብ ያደርጉትና «አብሽር» ይሉታል። አይዞህ ማለታቸው ነው። ለሰውም ያው ነበሩ። ለታመመውም፣ ለተጣላውም፣ ፈተና ለወደቀውም መድኃኒታቸው ያቺው «አብሽር» ናት። በወሎ እስላሙም ክርስቲያኑም ይላታል፤ እንደ እሳቸው አንጀት የሚያርስ አድርጎ የሚላት ሰው ግን እኔ አላጋጠመኝም።

የተከራየናቸው ክፍሎች ጎን ለጎን ነበሩ። መካከላችን ያለው የጭቃ ግድግዳ ለስሙ ግድግዳ ነው እንጂ ሳስነጥስ ከማዶ «ይማርሽ!» ይሉኛል። አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸውና ለምን ወደ ወልድያ እንደማይመለሱ እንደ ቀልድ ጠየቅኋቸው።

«ወልድያ ቤት አለኝ» አሉ። «ጥሩ ቤት ነው። ሐሊማ ከሞተች ወዲህ ግን ዝም አለ። ሬዲዮ እከፍታለሁ፤ ሬዲዮው ብቻውን ያወራል፣ የሚመልስለት የለም። ደንበኛ ይመጣል፣ የተበላሸ ዕቃውን ጥሎልኝ ይሄዳል። ሲሠራለት ደግሞ ይዞት ይሄዳል። የሚቀመጥ የለም። ልጄ፣ እኔ ጨለማ አልፈራም፣ ጅብ አልፈራም። ዝም ያለ ቤት ግን ወላሂ እፈራለሁ።»

ይህን ሲሉ አልሳቁም። ሁሉ ነገር ላይ የሚስቁ ሰው እዚህ ላይ አለመሳቃቸውን ልብ አልኩ። ስለዚህ ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ ለሌላው ሰው የልጅ ጨዋታ ሲሆን፣ ለእሳቸው እንዳልሆነ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ።

ሚሌኒየሙ ሊገባ ሲል እንግዳ ይጎርፋል ተብሎ ሆቴላችን ታደሰ። የእንግዳ መቀበያው ቴሌቪዥንም በቀጭኑ ተተካ። አሮጌው፣ ሃያ ዘጠኝ ኢንች፣ ጀርባው እንደ እርጉዝ ላም የተነፋው፣ መጋዘን ገብቶ አቧራ መጠጣት ጀመረ። ሥራ አስኪያጁን ለምኜ ለአያ እንድሪስ አሰጠኋቸው። ለመለዋወጫ ይሆናቸዋል ብዬ እንጂ ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም። እሳቸው መጡ፣ ጆሯቸውን ለጠፉ፣ አዳመጡ። «ይሄማ ጤነኛ ነው!» አሉ ተቆጥተው። «ጤነኛውን ነው እንዴ ጡረታ ያወጣችሁት?»

ችግሩ ማውረዱ ነበር። ሆቴሉ ከላይ፣ ሰፈራችን ከታች፣ መካከሉ ባጃጅ የማይደፍረው ድንጋያማ ቁልቁለት። በጀርባ ተሸክሞ የሚደፍር አልተገኘም፤ አህያ ላይ እንዳይጫን በሌላው ጎን የሚመዝነው ነገር የለም። ዘዴውን ያመጣው ደሳለኝ ነው። ደሳለኝ ያኔ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ የመሪጌታ ኅሩይ የዜማ ተማሪ ነበር፤ ከሁለቱም የሚያመልጥበትን መንገድ ሲፈልግ የሚውል ብልጥ። «ቃሬዛ!» አለ።

ሕመምተኛ ከገጠር ወደ ጤና ጣቢያ የሚመጣበትን ቃሬዛ ከእድሩ ተዋሱ። ቴሌቪዥኑን ፊቱን ወደ ሰማይ አድርገው አስተኙት፣ እንዳይንሸራተት በመጫኛ ጠፈሩት። ፀሐዩ መስታወቱን እንዳይጎዳው አያ እንድሪስ የራሳቸውን ጋቢ አለበሱት። አራት ጎረምሶች ተሸከሙና መንገድ ተጀመረ። እሳቸው ጎን ጎን እየሄዱ በሁለት እጃቸው ይደግፋሉ፤ «ቀስ! በአላህ ቀስ በሉ! አታንገጫግጩት!»

ቅዳሜ ነበር፣ የገበያ ቀን። የላስታ ሰው ደግሞ ቃሬዛ አይቶ አያልፍም። ማን እንደታመመ ከመጠየቁ በፊት ሸክሙን አውርዶ ትከሻውን ይሰጣል። ገብስ ይዘው ወደ ገበያ የሚወጡ ሰዎች ገብሳቸውን መንገድ ዳር አስቀምጠው «በቃችሁ፣ ደክማችኋል፣ ወዲህ በሉት» እያሉ ተቀበሉ። የእኛ ልጆች ሊናገሩ አፋቸውን ሲከፍቱ ትከሻቸው ላይ ሸክም የለም፤ ቃሬዛው ቀድሟቸው ሄዷል። እኔ ባለ ተረከዝ ጫማዬን በእጄ ይዤ ከኋላ እሮጣለሁ። አንድ ሽማግሌ ጋቢው ስር ያለውን ጉብታ አይተው ከንፈራቸውን መጠጡ። «ምስኪን! እንዲህ ሆዱ ተነፍቶ!» አያ እንድሪስ ውሸት አይናገሩም፤ እውነቱን ቢናገሩ ደግሞ ያ ሁሉ ሰው ገብሱን ጥሎ የመጣው ለቴሌቪዥን ሊሆን ነው። «አብሽሩ አባቴ፣ ይሻለዋል» አሉ በመጨረሻ።

ተሸካሚዎቹ ገበያው እንዳያልፍባቸው ደጃፍ ላይ አስረክበው «እግዜር ይማርልን» ብለው ተመለሱ። የደሳለኝ እናት እትዬ ጥሩወርቅ ግን በራቸው ላይ ቆመው ሁሉንም አይተዋል። ቃሬዛው ሞልቶ ሲገባ አዩ፣ ባዶውን ሲወጣም አዩ። «ወየው፣ የማን ልጅ ይሆን!» ብለው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ።

አያ እንድሪስ ወልድያ ደርሰው መጡ። አንድ ጌም ቤት አርጅቷል ብሎ የጣለውን ማሽን፣ ሽቦው የተላጠ ሁለት ጆይስቲክና አንድ ፌስታል ሲዲ ይዘው ነበር። ከዚያ ክፍላቸውን ማሰናዳት ጀመሩ። በመስኮቱ የሚገባው ብርሃን መስታወቱ ላይ እንዳያንጸባርቅ የማዳበሪያ ከረጢት ሰፍተው ጋረዱበት። የባሕር ዛፍ አጣና ቸክለው አግዳሚ ሠሩ። አልጋቸውን ወደ ጥግ ገፍተው ራሳቸውን ለማስተኛት የማይበቃ ቦታ አስቀሩና ሌላውን ሁሉ ለሚመጣው ሰው ተዉት። ቢጫውን ገመድ ከቢጫው፣ ነጩን ከነጩ፣ ቀዩን ከቀዩ ሰኩ። ቴሌቪዥኑ ሲከፈት ጢዝ ይላል፤ እጃችሁን ወደ መስታወቱ ስታስጠጉ የክንዳችሁ ፀጉር ይቆማል፣ ጠስ ጠስ የሚል ነገር ይሰማል። «ሰላም እያለህ ነው» ይሉታል አዲስ የመጣውን። ከዚያ ወዲህ እጁን አስጠግቶ ሳይሳለም የሚቀመጥ ሰው አልነበረም።

ጩኸቱም ተጀመረ። እኔ ደግሞ የአዳር ተረኛ በሆንኩበት ሳምንት ቀን ነው የምተኛው። ግድግዳውን ደበደብኩ፣ የሚሰማኝ የለም። ፀጉሬን ሳላበጥር፣ ነጠላ ጫማ አድርጌ ሄጄ በሩን በረገድኩና «ድምፁን ቀንሱልኝ!» ብዬ ጮህኩ።

አያ እንድሪስ ወዲያው ተነስተው ድምፁን ጨርሰው አጠፉት። ጎረምሶቹም ጸጥ አሉ። እሳቸው ቆመው ግድግዳውን አዩ፣ ጣሪያውን አዩ፤ አንድ የማያውቁት ሰው ቤት ድንገት የገቡ መሰሉ። «ይኸው ልጄ፣ ዝም አለልሽ» አሉ። «አፉ በይኝ።»

ደጃፍ ላይ የነገሩኝ ትዝ አለኝ። «እስቲ ትንሽ ጨምሩት» አልኩ። «በጣም አይደለም፣ ትንሽ።» እሳቸውም ዕድሉ ሳያመልጣቸው ጆይስቲኩን እጄ ላይ አስቀመጡት። ደሳለኝን በኳስ አራት ለባዶ አሸነፍኩት። እንዴት እንደሆነ ዛሬም አላውቅም፤ ቁልፎቹን ሁሉ በአንድ ላይ ነበር የምጫናቸው። ደሳለኝ ይህን ስጽፍ እንኳ «ጆይስቲኬ ተበላሽቶ ነበር» ሳይል አይቀርም።

የሰፈሩ ወጣት ሁሉ ያ ቤት መዋል ጀመረ። ደሳለኝ ዜማውን ትቶ ሲጠፋ እናቱ «የት ነበርክ?» ይሉታል። «አያ እንድሪስ ቤት፣ ሕመምተኛው ጋ ተቀምጬ» ይላቸዋል። እትዬ ጥሩወርቅ ቃሬዛውን በዓይናቸው አይተዋልና ለምን ይጠራጠራሉ? «ልጄ አንጀተ ሩኅሩኅ ሆነልኝ» ብለው አወሩ። ሌሎቹም ለየእናቶቻቸው ይህንኑ አሉ። በአንድ ወር ውስጥ የሰፈሩ ጎረምሳ በሙሉ ደግ ሆነ። እናቶች ሲገናኙ ስለ ልጆቻቸው ርኅራኄ እያወሩ እንባ ያቀርሩ ጀመር።

ሕመምተኛ ደግሞ ጎረቤት ተኝቶ ሳይጠይቁት መቅረት ነውር ነው። አንድ ረቡዕ እትዬ ጥሩወርቅ የአጃ አጥሚት በፔርሙዝ ይዘው፣ ሁለት ጎረቤት አስከትለው መጡ። እንዳይረብሹ ብለው በሩን ቀስ አድርገው ከፈቱት። ውስጥ ያ ሁሉ ጎረምሳ አግዳሚው ላይ ቆሞ «በለው! ጨርሰው!» ይላል። መስታወቱ ላይ አንዲት ሱሪ የለበሰች ሴት አንዱን ራቁት ደረት በእርግጫ ትለዋለች፣ ደሙ ይንፎለፎላል።

«በሽተኛው የታለ?» አሉ እትዬ ጥሩወርቅ።

ደሳለኝ አግዳሚው ስር ገባ። አያ እንድሪስ ብድግ ብለው ፔርሙዙን በሁለት እጃቸው ተቀበሉና «ይግቡ እትዬ ጥሩወርቅ» አሉ። ከዚያ ቴሌቪዥኑን አሳዩዋቸው። «የመጣው እሱ ነው። ሰዉ ሁሉ አግዞን ነው ያመጣነው።»

የእትዬ ጥሩወርቅ ጩኸት ተራራው ላይ ያለችው አሸተን ማርያም ድረስ ሳይሰማ አይቀርም። ልጃቸው መዋሸቱ፣ ዜማው መቅረቱ፣ ይሄ ሁሉ አለ፤ አንጀታቸውን የቆረጠው ግን ሌላ ነበር። «በረቡዕ!» ይሉ ነበር ደረታቸውን እየደቁ። «እኔ ለጾም ብዬ አጥሚቱን እንኳ ያለ ወተት ሠርቼ! በጾም ቀን ልጄን ደም ታሳዩታላችሁ?» አያ እንድሪስ አንገታቸውን ደፍተው ሰሟቸው። አጥሚቱን ግን ጠጡላቸው፣ ፔርሙዙንም አጥበው መለሱ።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ የሰፈሩ ሽማግሌዎች ወይራው ስር ተቀመጡ። ይዘጋ የሚለው በዛ። አያ እንድሪስ ተነሱ። «ወገኖቼ» አሉ፣ «እኔ የእናንተ እንግዳ ነኝ። ዝጋ ካላችሁኝ እዘጋለሁ፤ ቅሬታም የለኝም። ነገ ጠዋት በወልድያው መኪና እሄዳለሁ። አንድ ነገር ብቻ ልለምናችሁ። ሳታዩት አትፍረዱበት።» ንግግራቸው የረጋ ነበር። እጃቸው ግን ኪሳቸው ውስጥ ያለውን የብሎን መፍቻ ያገላብጥ ነበር። እኔ ያ ወልድያ ያለው ቤት፣ ሬዲዮው ብቻውን የሚያወራበት ቤት፣ ፊቴ ላይ ድቅን አለብኝ።

ሁሉም ወደ መሪጌታ ኅሩይ ዞረ። «ሳያዩ መፍረድስ አይገባም» አሉ።

በማግስቱ መጡ። መሪጌታ ኅሩይ ረጅም፣ ቀጭን፣ ተማሪን በዓይናቸው ብቻ የሚገርፉ ሰው ናቸው። መቋሚያቸውን ጉልበታቸው መካከል አድርገው ቴሌቪዥኑ ፊት ተቀመጡ። እጃቸውን እንዲያስጠጉ የሚነግራቸው ደፋር አልተገኘም። ሽማግሌዎቹ ከኋላ ቆሙ፣ እትዬ ጥሩወርቅ በሩ ላይ፣ እኔ ከረጢቱን ገለጥ አድርጌ በመስኮቱ። ደሳለኝ ጆይስቲኩን ያዘ፤ ላቡ ይንጠባጠባል። አያ እንድሪስ የመጀመሪያውን ሲዲ ከተቱ። ያችው እርግጫ ያለባት ናት።

«ምን አድርጓት ነው የምትመታው?» አሉ መሪጌታ።

«ምንም አላደረጋትም፣ መሪጌታ።»

«ታዲያ ምነው የሚሸመግላቸው ጠፋ?»

መሪጌታ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ይሄ ፍስክ ነው» አሉ።

ሁላችንም እርስ በርስ ተያየን። አያ እንድሪስ ነገሩ ቶሎ ገባቸው። ሲዲውን አውጥተው ለብቻ አስቀመጡትና ሁለተኛውን ከተቱ። የተኩስ ጌም ነው። መሪጌታ ብዙ አልታገሡትም። «ፍስክ። በዐቢይ ጾምማ ከነአካቴው አይነካ።» ሦስተኛው የመኪና እሽቅድምድም ነበር።

«ይሄ ወዴት ነው እንዲህ የሚከንፈው?»

«ለመቅደም ነው፣ መሪጌታ።»

«እዚያ ማን ይጠብቀዋል?»

«ማንም።»

«እንግዲህ ሞኝ ነው እንጂ ክፉስ አይደለም። ጾም።»

አራተኛው ላይ ችግር መጣ። አንድ ሰው ሐይቅ ዳር ተቀምጦ ዓሣ የሚያጠምድበት ጌም ነው፤ ከልጆቹም የሚጫወተው አልነበረም። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር የቆየ ነው፣ አንድ የጌም ሲዲ የሚፈታው አይደለም። መሪጌታ ጺማቸውን ዳሰሱ። «ይቺ ታከራክራለች» አሉ። «ትቆየን።»

በመጨረሻ የኳሱ ሲዲ ገባ። መሪጌታ መጀመሪያ እንደ ፈታኝ ቀጥ ብለው ተቀምጠው ነበር። ቀስ በቀስ ጎንበስ አሉ። መቋሚያቸው መሬቱን ጠቅ ጠቅ ማድረግ ጀመረ። ደሳለኝ ኳሱን ይዞ ብቻውን ሲከንፍ አላስቻላቸውም። «አሳልፍለት እንጂ! አጠገብህ ያለውን አታየውም? አሳልፍለት አልኩ!» ደሳለኝ ደንግጦ አሳለፈ። ገባ። ቤቱ ተናጋ። መሪጌታ መቋሚያቸውን ወደ ላይ ማንሳታቸውን ድንገት አስተዋሉና ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ይሄ ጾም ነው» አሉ በዝግታ።

ፍርዱ በዚያው ቆመ። ረቡዕና ዓርብ፣ በአጽዋማትም ሁሉ፣ ደም ያለበት ጌም የለም። ዜማውን ያልጨረሰ ተማሪ ከበሩ አያልፍም። «ጠባቂው እርስዎ ነዎት፣ አያ እንድሪስ» አሉ መሪጌታ።

«በአላህ ስም ተቀብያለሁ» አሉ አያ እንድሪስ። የብሎን መፍቻውን ያኔ ነው የለቀቁት።

የፍስኮቹን ሲዲዎች በቀይ ክር፣ የጾሞቹን በአረንጓዴ አሰሯቸው። የዓሣዋን በሁለቱም አስረው ከመደርደሪያው ጫፍ አስቀመጧት። የጾም መግቢያና መውጫን ከእኛ ይልቅ እሳቸው ያውቁት ጀመር። ስንት ጊዜ ነው ዓርብ ጠዋት ሥጋ ቤት በር ላይ አግኝተውኝ «ልጄ፣ ዛሬ እኮ ዓርብ ነው» ያሉኝ! አንድ ዓርብ ከፍላቂት የመጡ ጎረምሶች የድብድቡን ጌም ካልከፈቱልን ብለው አስቸገሩ። አንደኛው ብልጥ ነው፤ «አያ፣ እኛ እኮ መንገደኛ ነን። በእናንተ መንገደኛ ጾም መፍታት ይፈቀድለት የለም?» አላቸው።

«በእኛ ይፈቀድለታል» አሉ። «ይሄ ደግሞ በእናንተ ነው። ኳሱን ልክፈትልህ?»

ከዚያ ረመዳን መጣ። አያ እንድሪስ እየጾሙ ቤቱን እንደወትሮው ከፈቱ። አትብሉብኝ አላሉም። ልጆቹ ግን እርስ በርሳቸው ተነጋግረው ነበር መሰለኝ፤ ደሳለኝ በሩ ላይ ቆሞ የሚገባውን ሁሉ ኪስ ሲፈትሽ አገኘሁት። «ቆሎ አውጣ። ሸንኮራህንም እዚያ አቁም። ፀሐይ እስክትጠልቅ እዚህ ቤት የሚታኘክ ነገር የለም» ይላል እንደ ኬላ ጠባቂ። የእኔንም ማስቲካ አስተፋኝ። አያ እንድሪስ ጀርባቸውን ሰጥተውን መስታወቱን በጨርቅ ይወለውሉ ነበር። መስታወቱ ንጹሕ ነበር፤ እሳቸው ግን ለረጅም ጊዜ ወለወሉት። በጣም የወደድኳቸው ያን ቀን ነው።

እኔ አግብቼ ኮምቦልቻ ገባሁ። ደሳለኝ አስጎብኚ ሆነ፣ ገንዘብም ያዘ። አንድ ጊዜ ለበዓል ስሄድ ለአያ እንድሪስ ትልቅ ጠፍጣፋ ቴሌቪዥን ገዝቶ አገኘሁት። አሮጌውን ገለል አድርጎ አዲሱን በክብር ሰካው። የጌሙ ማሽን ያው አሮጌው ነው። ሥዕሉ ውሃ የበዛበት ወጥ መሰለ። ቁልፉን ትጫናላችሁ፣ ኳሱ ቆይቶ፣ አስቦበት ነው የሚመታው። እኔ እንኳ መሸነፍ ጀመርኩ። አያ እንድሪስ እጃቸውን ወደ መስታወቱ አስጠጉ። ጠበቁ። ምንም የለም።

«ሰላም አይልም» አሉ። ደሳለኝ ፊቱ ሲጠቁር አይተው ደግሞ ትከሻውን መታ መታ አደረጉት። «አብሽር ልጄ። ዜና እናይበታለን።» አሮጌው ወደ ቦታው ተመለሰ። ትንንሾቹ ልጆች ስልካቸው ላይ ይጫወታሉና እምብዛም አይመጡም ነበር። ትልልቆቹ ግን አልቀሩም። ጢም ያወጣ ባጃጅ ነጂ፣ ሁለት ልጆች የወለደ ዲያቆን፣ ፈረንጅ ሸኝቶ የተመለሰ አስጎብኚ፣ ሁሉም እጁን አስጠግቶ ተሳልሞ ያችው አግዳሚ ላይ ይቀመጣል፤ እሳቸውም ዛሬ ጾም መሆን አለመሆኑን ያስታውሱታል።

ወደ ስልኩ ልመለስ። ደሳለኝ የሚደውለው ከዚያው ቤት ነበር። ከወልድያ የአያ እንድሪስ የወንድም ልጅ መጥቷል። ቃሬዛቸውን እስከ መቃብር ሰፈሩ ሁሉ ተቀባብሎ ወስዷቸዋል፤ መሪጌታ ኅሩይ በዚያ እርጅናቸው በመቋሚያቸው እየተደገፉ ሸኝተዋል፤ አሁንም ለቅሶ ተቀምጠዋል። «ሰዉ ሞልቷል» አለኝ ደሳለኝ። «ግን ቤቱ ጸጥ ብሏል። እንዲህ ሆኖ አይቼው አላውቅም። ቴሌቪዥኑን ጨርቅ አልብሰውታል። መቼም ለቅሶ ቤት ነው፣ አይከፈትም።»

ያኔ ነው ለማንም ያልነገርኩትን የነገርኩት። ስለ ሐሊማ፣ ብቻውን ስለሚያወራው ሬዲዮ፣ ጨለማና ጅብ ሳይፈሩ ምን ይፈሩ እንደነበር። ደሳለኝም «ለመሪጌታ ንገሪያቸው» ብሎ ስልኩን ሰጣቸው። መሪጌታ ነገሩን እስከ መጨረሻው ሰሙኝና «እህም» ብቻ አሉ። ስልኩን ሳይዘጉት ጭናቸው ላይ አስቀመጡት መሰለኝ፣ ድምፅ ከሩቅ ይሰማኝ ጀመር።

«ልጄ» ይላሉ መሪጌታ፣ ለአያ እንድሪስ የወንድም ልጅ ነው። «የእናንተን ሥርዓት ልነካ አይደለም። ፍርዱ ያንተ ነው። አጎትህ ግን ዝም ያለ ቤት ይፈሩ ነበር አሉ። የሰማኸው ነገር አለ?»

ልጁ «አክስቴ ሐሊማ ስትሞት አጎቴን ሦስት ሬዲዮ ባንድ ላይ ከፍቶ ነው ያገኘሁት» አለ። «ክፈቱለት። በአላህ ክፈቱለት።»

«ዛሬ ዓርብ ነው» አሉ መሪጌታ። «አረንጓዴ ክር ያላትን አምጡ። እሷን አይደለም፣ የዓሣዋን አሁንም አልፈረድኩባትም። ኳሱን።»

ጨርቁ ሲገፈፍ ሰማሁ። ያቺ ጢዝ የምትለው ድምፅ መጣች። እጃቸውን እያስጠጉ እየተሳለሙት እንደሆነ ሳላይ አወቅሁ። ከዚያ የኳሱ ጩኸት ከሩቅ፣ እንደ ዓይን አፋር ልጅ፣ ዝቅ ብሎ ጀመረ። ደሳለኝ ስልኩን አነሳው። አፍንጫውን ይስባል።

«ትርንጎ፣ ይሰማሻል?»

የቢሮ ጓደኞቼ ሁሉ ያዩኛል። ግድ አልሰጠኝም።

«አይሰማኝም!» ብዬ ጮህኩ። «ድምፁን ጨምሩልኝ!»